ጉድለቱን ማን ሞላው?

የበጀት አዋጅ ሲወጣ የሰው ዓይን የሚያርፈው ጠቅላላ ድምሩ ላይ ነው። «ዘንድሮ ይህን ያህል ቢሊዮን ተመደበ» ይባላል፣ ወሬውም እዚያው ያልቃል። እኔ አዋጁን የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን ያስለመዱኝ በአውራጃ ገንዘብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር አለቃዬ የነበሩት፣ በንጉሡ ዘመን ሒሳብ የተማሩ አዛውንት ናቸው። ገቢው ከወጪው ተቀንሶ «ጉድለት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ጣታቸውን ዝቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን ያሳዩኝ ነበር፤ ከውጭ ብድር ይህን ያህል፣ ከአገር ውስጥ ብድር ይህን ያህል። «ልጄ፣ ጉድለት ሁልጊዜ ይሞላል። የሞላውን ሰው ፈልግ» ይሉኝ ነበር። ኋላ የበጀት ባለሙያ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከዚያም ወዲህ፣ የአገሬን የበጀት ታሪክ የማየው በዚህችው በእሳቸው መነጽር ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።

በጀት የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ጉድለቱን የሚሞላው ባላገሩ ነበር፤ ያውም በጎተራው። የጦር ሠራዊት በየባላገሩ ቤት ይሰፍራል፣ የቤቱ ባለቤት ያበላዋል። ወታደሩ ደመወዝ ስለሌለው ከግምጃ ቤት የሚወጣ ወጪ የለም፣ ወጪ ከሌለ ደግሞ ጉድለት የለም። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። አጼ ምኒልክ በ1885 ገደማ አስራት ሲደነግጉ አንዱ ዓላማቸው ይህን ሥሪት ማስቀረት ነበር። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለወታደሩ ቀለብ ይሰጣል፣ ወታደሩም ከገበሬው ጓዳ ይወጣል። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከብቱንም ሰውንም በፈጀበት ዘመን የወጣ ድንጋጌ ስለሆነ ገበሬው ከአሥር አንዱን እንኳ ከየት አምጥቶ እንደሰጠ ማሰቡ ይከብዳል።

ከዚያ በፊት ግን በመስከረም 1882 አንድ ብድር አለ፤ እኔ እስከማውቀው ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው። ደጃዝማች መኮንን ጣሊያን አገር ሳሉ ኔፕልስ ላይ በተፈረመው የውጫሌ ውል ተጨማሪ ስምምነት ምኒልክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደሩ። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ክፍያው ከተጓደለ ሐረር ራሷ ለጣሊያን ልትለቀቅ ነው። ስለ ውጫሌ ሲወራ 17ኛው አንቀጽ ሁሉንም ይሸፍነዋል፤ ያን አንቀጽ የማያውቅ ተማሪ የለም። የብድሩን ውል ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው። እኔ ባለሙያ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከአንቀጹ ይልቅ ይህ ያስደነግጠኛል። ምኒልክም የገባቸው ይመስለኛል፤ ውሉን ከማፍረሳቸው ጋር ብድሩን ከፍለው አወረዱት። ዐድዋ ላይ የተሰለፈችው ኢትዮጵያ የጣሊያን ዕዳ አልነበረባትም።

በ1900 ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡ ሥራ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ተሰጠ፤ ኋላ ራስ ሙሉጌታ ተብለው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የወደቁት ናቸው። የንጉሡ ኪስና የመንግሥቱ ኪስ ግን አሁንም አንድ ነበር። ይህን በግልጽ አውጥቶ የጻፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1904 ገደማ ስለ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጽሑፍ የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ሀብት ይለይ፣ ሹሙ ደመወዝ ይቆረጥለት፣ ግብሩ በገንዘብ ይሁን፣ ልኩም ይታወቅ ብሎ ነበር። የድሬዳዋ ነጋድራስ የሆነ፣ የጉምሩክን ሥራ ከውስጥ ያየ ሰው ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው በወጣትነቱ ባይቀጭ ኖሮ እያልኩ የምቆጭበት ጊዜ አለ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት 55 አንቀጾች ነበሩት። የመጨረሻው፣ 55ኛው፣ ስለ በጀት ነው። የመንግሥት ገቢ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የሚወጣው ለየሚኒስቴሩ በተወሰነው የዓመት በጀት መሠረት ብቻ እንዲሆን፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ እንዲያቀርበው፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲመክሩበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያጸድቁት ይደነግጋል። የዛሬው ሕገ መንግሥትም ምክር ቤቱ በጀት እንዲያጸድቅ የሚያዘው በአንቀጽ 55 ነው፣ በንዑስ አንቀጽ 11። ከአጋጣሚነት ሌላ ትርጉም የለውም፤ እኛ ሒሳብ ቤት ያደግን ሰዎች ግን ቁጥር ሲገጣጠም ዝም ብለን አናልፍም። አንቀጹ ሥር ሳይሰድ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወረራው መጣ።

ከነጻነት በኋላ ያለው ዘመን ላይ ትንሽ ልቆይ። አጼ ኃይለ ሥላሴ በ1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር፤ በገበያው ጠገራ ብሩ፣ የጣሊያን ሊሬው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንጉ ተደበላልቀዋል። ጥር 23 ቀን 1934 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ስምምነት እንግሊዝ ለመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ልትሰጥ ተስማማች። ስምምነቱ ከቀጠለ በሦስተኛው ዓመት 500 ሺህ፣ በአራተኛው 250 ሺህ ይሆናል። ቁጥሩ እንዴት እየወረደ እንደሚሄድ ልብ ይሏል። ብድር አይደለም፣ ስጦታ ነው። ግን በወጪ ጉዳይ ከእንግሊዝ የገንዘብ አማካሪዎች ጋር ተስማምቶ መሥራት ግዴታ ነበር። የእንግሊዝ ሚኒስትር ከሌሎች አገሮች መልእክተኞች ሁሉ ቀድሞ ይቆማል። ኦጋዴንና የባቡሩ መስመር አካባቢም በእንግሊዝ ጦር እጅ እንዳለ ቆየ።

አለቃዬ ይህን ዘመን ከእሳቸው አለቆች ሰምተውት ነበር። «የደመወዝ ዝርዝር ስናዘጋጅ አንዱ ቅጂ ለፈረንጁ ነበር» ብለዋቸው እንደነበር ያጫውቱኝ ነበር። እውነትነቱን በሰነድ አላየሁትም፤ የስምምነቱን ቃል ያነበበ ሰው ግን አይገርመውም። ንጉሡ ገንዘቡ በየዓመቱ እየቀነሰ ሲሄድ ነጻነቱ እንደሚመለስ አስልተው ነበር ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ አዲስ ድርድር ጠየቁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ድጎማውም ቀረ፣ የአማካሪዎቹ ግዴታም ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 16 የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ ለሃምሳ ሳንቲሙ የገባው ብር ማዕድን ከአሜሪካ የተገኘ ነው። በጀቱን የሚሞላልህ ሰው ከጠረጴዛህ ላይ ተነስቶ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ይህን ዓመት ማንበብ ይበቃል።

ቀጥሎ ደህና ጊዜ መጣ። የቡና ዋጋ ወጣ፣ ጉምሩክ ሞላ። በ1943 መስከረም የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ያበደረው የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ «የውጭ ብድር» የሚለው መስመር ከበጀት ሰነዱ ጠፍቶ አያውቅም።

የቤተ መንግሥቱ ራስ ምታት የአገሩ ሀብት እርሻ ሆኖ ሳለ ግብሩ ግን ከቡናና ከጉምሩክ መሆኑ ነበር። ለዚህ መላ ተብሎ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በ1960 ወጣ። አስራቱ ይቀራል፣ ገበሬው እንደ ገቢው ይከፍላል፣ ገቢውን የሚገምት ኮሚቴም በየቦታው ይቋቋማል። ለሒሳብ ሰው ይህን የመሰለ ፍትሐዊ ግብር የለም። ለጎጃም ባለርስት ግን ገማች ማለት መሬቱን ሊያይ የመጣ ሰው ነው፤ ዛሬ ያየ ነገ ይለካል፣ የለካ ደግሞ ይወስዳል። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት እምቢ አሉ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር መንደር ደበደበ። ገበሬው አልተንበረከከም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ንጉሡም ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ውዝፍ ግብር ማሩ። ግምጃ ቤቱ አዲስ ገቢ አገኛለሁ ሲል የድሮውንም አጣ። በእኔ ንባብ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ «ጉድለቱን አልሞላም» ብሎ የተሳካለት የአገር ልጅ የጎጃም ገበሬ ብቻ ነው፤ ያም ጠመንጃ ስለነበረው ነው።

ደርግ ሲመጣ ባንኮቹ ሁሉ የመንግሥት ሆኑ፣ ነገሩም ቀለለ። ለመንግሥት ማለቴ ነው። ገንዘብ ሲጎድል ከብሔራዊ ባንክ መበደር የአንድ ደብዳቤ ሥራ ሆነ። የሰሜኑ ጦርነት፣ የሶማሊያ ወረራ፣ ድርቁ፣ ሰፈራው ሁሉም ወጪ ነበር። ብር በዶላር 2.07 ላይ ተቸንክሮ ስለቆየ ቡና ላኪው ከገበያው ዋጋ በታች እየተመነዘረለት ሳያውቀው ግብር ይከፍል ነበር። ገበሬውም እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል። እነዚህ ሁለቱ በየትኛውም የበጀት ሠንጠረዥ ላይ እንደ ግብር ተጽፈው አያውቁም።

እኔ የማውቀው የደመወዝ መክፈያውን ቅጽ ነው። ስቀጠር ቅጹ ላይ ተቀናሽ የሚባሉት ጡረታና የሥራ ግብር ነበሩ። እየቆየ በእጅ የተሰመሩ ዓምዶች ተጨመሩበት፤ የእናት አገር ጥሪ፣ ለድርቅ፣ ለማኅበር፣ ለበዓል። ዓምዱ ሲበዛ ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ሁለት ገጽ በማጣበቂያ እንቀጥል ነበር። ሁሉም «በፈቃደኝነት» ነው፤ ፈቃደኝነቱን የሚገልጸው ፊርማ ግን ደመወዝ የሚወሰድበት ፊርማ ራሱ ነው። አልፈርምም ያለ ደመወዙንም አልወሰደም ማለት ነው። አለቃዬ ያን የተቀጠለ ወረቀት አጥፈው ፋይል ውስጥ ሲከቱ «እነሆ፣ የሞላው ሰው» ብለው ወደ ስሞቹ ዝርዝር ያመለክቱኝ ነበር። የእሳቸውም ስም አለበት፤ የእኔም።

ከ1983 በኋላ ያሉትን ዓመታት ቶሎ ልለፋቸው፤ ብዙ ተጽፎባቸዋል። በመስከረም 1985 አንድ ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ሄደ። በ1987 የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ መሸጥ ተጀመረ። ዕርዳታ ሰጪዎች ተመለሱ፤ ከ1990 እስከ 1992 በተደረገው የኤርትራ ጦርነት ራቁ፣ ወጪው ናረ፤ ሰላም ሲወርድ እንደገና መጡ። በሚያዝያ 1996 ኢትዮጵያ በከፍተኛ ዕዳ ለተጨነቁ አገሮች የተዘጋጀውን የዕዳ ስረዛ ጨረሰች። ከ1997 ምርጫ በኋላ ለጋሾቹ ለበጀቱ በቀጥታ የሚሰጡትን ገንዘብ አቆሙና ለመሠረታዊ አገልግሎት ብለው ወደ ወረዳና ክልል በሚወርድ ሌላ መንገድ ሰጡ። ወረዳ ላይ ለነበርን ሰዎች የገንዘቡ ስም እንጂ የአስተማሪው ደመወዝ አልተለወጠም።

ወረዳን ካነሳሁ ሰኔን ሳላነሳ አላልፍም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። የበጀት ጥሪው ከነጣሪያው ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚያስፈልገውን እጥፍ አድርጎ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ግማሹን ይቆርጣል፣ ሁለቱም ተዋሽተው እውነቱ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ውሎ አበል፣ መደብ 6231፣ ጥር ሳይገባ ያልቃል። ሰኔ ላይ ደግሞ ከሌላው መደብ የተረፈው ተመላሽ እንዳይሆን ግዢ ይጧጧፋል። በመጨረሻው ሳምንት ጎማና የፎቶ ኮፒ ወረቀት በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ በሞዴል 19፣ ሲገባ፣ ንብረት ክፍሉ መቆሚያ ሲያጣ አይቻለሁ። በላይ መቶ ቢሊዮን ይጎድላል፣ በታች ወረቀት ይተርፋል። ጳጉሜንም አለች፤ የበጀት ዓመቱ ውስጥ ነች፣ ሥራም ይሠራባታል፣ ደመወዝ ግን የላትም። ይህችን ጉድለት እኛው የመንግሥት ሠራተኞች ሞልተናታል፤ እንደ ሌሎቹ ስሟ አልተጻፈም።

አሁን ወደ 2003 ልምጣ፤ የሚቀጥለውን ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ነውና። የዚያ ዓመት የፌዴራል በጀት 77 ቢሊዮን ብር ነበር። በቀጣዩ ዓመት 117.8 ቢሊዮን ሆነ። ይህን ያህል አድጎም የበጀት ጉድለቱ ከምጣኔ ሀብቱ ሲሰላ ያን ያህል አያስደነግጥም ነበር፤ ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎችም ያመሰግኑን ነበር። ምክንያቱ ትልልቁ ወጪ በጀቱ ውስጥ ስላልነበረ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል ሠራተኛው የወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ ቦንድ ገዛ። እኔም ገዝቻለሁ፤ ለዚያኛው ፊርማዬ አልከፋኝም። በዚያው ሰሞን ግን ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮችን አዲስ ከሚያበድሩት ገንዘብ 27 በመቶ የሚሆን ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። 100 ብር ያበደረ ባንክ 27 ብር የአምስት ዓመት ሰነድ ይገዛል፤ በ3 በመቶ ወለድ። ባንኩ ለአስቀማጩ ቢያንስ 5 በመቶ እንዲከፍል ታዟል። ልዩነቱን ባንኩ ተበዳሪውን በማስከፈል ያካክሰዋል። ለአስቀማጩ የሚያካክስለት ግን የለም፤ በነሐሴ 2003 የዋጋ ንረቱ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ለልጁ ብሎ 1,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 50 ብር ወለድ ተጨምሮለት ከገበያ አንጻር የሁለት መቶ፣ የሦስት መቶ ብር ሸቀጥ አጥቷል። ሰውየው ግብር ከፋይ ነኝ ብሎ አያውቅም።

ስኳር ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ የኤሌክትሪኩ መስመር ገንዘባቸውን ያገኙት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር፣ ከድርጅት ቦንድና ከውጭ ብድር ነው። በሒሳብ አያያዝ ደንብ የድርጅት ዕዳ የበጀት ጉድለት አይደለም። እኔም ይህን ስብሰባ ላይ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ደንቡ ትክክል ነው። ግን ድርጅቱ ካልከፈለ የሚከፍለው መንግሥት መሆኑን በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቅ ነበር። በ2013 የእነዚህን ድርጅቶች ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ2017 ደግሞ ንግድ ባንክን ለማቃናት ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ተሰጠው። የተመሰገንንበት የእነዚያ ዓመታት ትንሽ ጉድለት ትክክለኛ ዋጋው ይኸው ነበር፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ።

በኅዳር 2007 መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ አሥር ዓመት፣ 6.625 በመቶ። በዓመት 66 ሚሊዮን ከሩብ፣ በስድስት ወር 33 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በታኅሣሥ 2016 ያቺ የስድስት ወር 33 ሚሊዮን አልተከፈለችም፤ ኢትዮጵያም መክፈል ካቃታቸው አገሮች ተርታ ተጻፈች። የሰሜኑ ጦርነት፣ ወረርሽኙ፣ የውጭ ምንዛሪ ድርቀቱ አንድ ላይ ደርሰው ነበር። በ2012 የቀረው የ27 በመቶ ሰነድም በ2015 በሌላ ስም ተመለሰ፤ ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የሚሆን የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ ታዘዙ።

ቁጥሩን ከቁጥር ጋር ላስተያይ። በ2009 መላው የፌዴራል በጀት 274.3 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2016 ጉድለቱ ብቻ 281 ቢሊዮን ተብሎ ታወጀ። ይህን ሰምቶ አገር ጠፋ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ግን በ2009 መግቢያ ዶላር 22 ብር ገደማ፣ በ2016 መግቢያ 55 ብር ገደማ ነበር። በዶላር ሲመነዘር የፊተኛው 12 ቢሊዮን ያልፋል፣ የኋለኛው 5 ቢሊዮን ነው። ብሩ ራሱ ጉድለቱን ሲሞላ ቆይቷል፤ በየቤቱ ሻንጣ ያለው ብር፣ በየባንኩ ደብተር ያለው ብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በጥቂት ቀናት 57 የነበረው መቶ ብርን ሊያልፍ ሮጠ። ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ተብሎ የጸደቀው በጀት ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ተጨመረበት። ለ2018 የጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ነው። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ደስ ብሎኛል፤ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደሩን ለማቆም ቃል ገብቷል። ከአንድ ደብዳቤ ጋር የሚመጣው ገንዘብ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት በሽታ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ቢባል ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር።

በዓለም ገበያ የተሸጠው ቦንድ ባለቤቶች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ጠበቃና አማካሪ ቀጥረው ስለ 1 ቢሊዮኑ ከመንግሥት ጋር ተደራድረዋል። አበዳሪ መንግሥታትም በቻይናና በፈረንሳይ ሰብሳቢነት የራሳቸውን ኮሚቴ አቋቁመዋል። በ2003 1,000 ብሩን ባንክ ያስቀመጠው ሰው ኮሚቴ የለውም። በ2018 በጀት ሰነድ ላይም ብፈልገው አላገኘሁትም፤ «የአገር ውስጥ ብድር» ከሚለው መስመር ሥር መሆኑን ግን አውቃለሁ።